ኦሜፕራዞል፦ እንዴት? መቼ? እስከ መቼ?

መግቢያ

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ሁላችንም በስም ስለምናውቀው፣ አወሳሰዱን ግን ብዙዎቻችን ስለማናውቀው አንድ መድኃኒት ለመጻፍ ተነሥተናል። መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ይባላል። በየመኝታ ክፍላችን ከሳሙናና ከጥርስ ብሩሽ አጠገብ የማይጠፋው ያ ካፕሱል ነው። ማታ ማታ ከራት በኋላ «ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ኦሜፕራዞል ያለው አለ?» የሚል ድምፅ ያልሰማ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ሰጪው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ተቀባዩም እንዴት እንደሚወሰድ አይጠይቅም። «ምን አለበት፣ የጨጓራ ነው እኮ!» ተብሎ ይታለፋል።

እኛም እንደዚሁ ስንል ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን በመካከላችን የደረሰ ነገር ነው። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት የሆነውን እንናገር። ባለጉዳዩ ጓደኛችንም «ስሜን ሳትጠሩ ጻፉት፣ ሌላው ይማርበት» ብሎ ፈቅዶልናል።

የደረሰብን ነገር

በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ከመካከላችን አንዱ መረብ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ። ሕመሙ ሲጠናበት ከአንድ መድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ገዛ። በቀን ሁለት ጊዜ መዋጥ ጀመረ። ጉልበቱ ሻል ሲለው ደግሞ ልምምዱን ቀጠለ፤ ልምምዱ ሲያመው ደግሞ ኪኒኑን ቀጠለ። በዚህ ዓይነት ሳምንታት አለፉ።

ከዚያ ሆዱን ያቃጥለው ጀመር። ያን ጊዜ ነው እኛ የገባንበት። አንዳችን ከሻንጣችን ኦሜፕራዞል አውጥተን ሰጠነው። ባቃጠለው ዕለት ይውጣል፣ ባላቃጠለው ዕለት ይተዋል። አንዳንዴ ከምሳ በኋላ፣ አንዳንዴ ሊተኛ ሲል ነበር የሚወስደው። ሲሻለው ደስ አለን፤ እንዲያውም እንደ ሐኪም ተሰማን። ዲክሎፌናኩን አቁም ያለው ግን አልነበረም፤ ጉዳዩ የሚገናኝ መሆኑን ማንም አላሰበም።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ጓደኛችን ከደረጃ ሲወጣ ማለክለክና ማዞር ጀመረው። ፊቱ ገረጣ። «የፈተና ድካም ነው» አለን። ሰገራው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ግን ደብቆናል። ኋላ ስንጠይቀው «እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይነገራል? አፈርኩ» ነው ያለን። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የለ? አንድ ቀን ለማስተማር ልምምድ በሄደበት ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ በእጁ እንደያዘ፣ በልጆቹ ፊት ወደቀ። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከ። ጨጓራው ቆስሎ ለብዙ ቀናት በውስጡ ሲደማ ኖሯል። ደም ተሰጠው፤ ተረፈ።

ሐኪሙ ሲጠይቁት «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ነበር ያሉት። እሱም «የጨጓራ ብቻ» አለ። የጉልበቱን ኪኒን እንደ መድኃኒት አልቆጠረውም። ሐኪሙ ደግመው ደጋግመው ሲጠይቁት ነው ያስታወሰው። ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብለው «መድኃኒት የሰጣችሁትስ እናንተ ናችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ትምህርታችን ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ/ ጨጓራ አሲድን ለምን ይሠራል?

በመጀመሪያ አሲድ ጠላት አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጨጓራችን በቀን 2 ሊትር ያህል የጨጓራ ፈሳሽ ያመነጫል። በውስጡ ያለው በኬሚስትሪ ትምህርት የምናውቀው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ባዶ ሆድ ላይ ፒ ኤቹ ከ1 እስከ 3 ይደርሳል፤ ከሎሚ ጭማቂ የሚስተካከል ወይም ከዚያ የጠነከረ ማለት ነው። ሥራውም፦

ሀ/ የሥጋንና የጥራጥሬን ፕሮቲን ለመፍጨት ይረዳል፤
ለ/ ከምግብና ከውሃ ጋር የሚገቡትን ብዙ ጀርሞች ይገድላል፤
ሐ/ ብረትና ካልሲየም የመሳሰሉት ማዕድናት፣ እንዲሁም ቫይታሚን ቢ 12 ከምግብ ተለይተው ወደ ሰውነት እንዲገቡ ያግዛል።

ታዲያ ሥጋን የሚፈጭ አሲድ ጨጓራን ራሱን ለምን አይፈጨውም? የጨጓራ የውስጥ ግድግዳ በዝልግልግ ፈሳሽ ስለተሸፈነ ነው። ይህ ሽፋን ሲሳሳ ወይም ሲበጠስ አሲዱ ግድግዳውን ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ መቆጣት፣ ከዚያም ቁስለት ይመጣል። አሲዱ ወደ ላይ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ ደግሞ እንደ ጨጓራ ያለ ሽፋን ስለሌለው ያቃጥላል፤ ይህንኑ ነው ቃር የምንለው።

2ኛ/ ኦሜፕራዞል ምን ያደርጋል?

በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚሠሩ ሕዋሶች አሉ። በእነዚህ ሕዋሶች ላይ እጅግ ጥቃቅን ፓምፖች ይገኛሉ። ፓምፑ የሃይድሮጂን አዮንን፣ ማለትም ፕሮቶንን፣ ወደ ጨጓራ እየገፋ በምትኩ ፖታሲየምን ያስገባል። ፕሮቶን ፓምፕ የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ፣ ማለትም ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ላንሶፕራዞልና ራቤፕራዞል፣ ይህን ፓምፕ የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው።

ልዩነቱን በምሳሌ እናስረዳ። የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ተከፍቶ ወለሉ በውሃ ተጥለቀለቀ እንበል። አንዱ ሰው ጨርቅ ይዞ ወለሉን ይጠርጋል፤ ሌላው ሄዶ ቧንቧውን ይዘጋል። የሚታኘከው ወይም የሚጠጣው ነጭ የአሲድ ማርከሻ ወለሉን እንደሚጠርገው ሰው ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ኦሜፕራዞል ቧንቧውን እንደሚዘጋው ሰው ነው፤ ይዘገያል፣ ግን ይቆያል። ስለዚህ «ኦሜፕራዞል ውጬ በሩብ ሰዓት አልተሻለኝም» ብሎ ሁለተኛ መድገም ከንቱ ነው። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጃል።

የመድኃኒቱ ታሪክ አጭር ነው። ቀደም ሲል ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሜቲዲን የተባለውን አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ለማግኘት የተደረገውን ምርምር መርተው ነበር፤ በ1988ም የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኑ። በስዊድን የአስትራ ኩባንያ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1979 ኦሜፕራዞልን ሠሩ፤ ይህም በ1988 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ እኛ መድኃኒቱን ለማጥላላት አልተነሣንም። በትክክል ሲወሰድ ብዙ ሰው ከቢላዋ ያዳነ መድኃኒት ነው።

3ኛ/ ከካፕሱሉ በፊት መንስኤው

በእኛ አነጋገር «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው የለም። ጨጓራ ግን የአካል ክፍል ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። የሚያቃጥለው ነገር ልዩ ልዩ ነው፤ ሕክምናውም እንደዚሁ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ጀርም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ ይሉታል። አሞኒያ እየሠራ በአሲድ ውስጥ መኖር ይችላል። ብዙ ሰው በሽታ ሳይሰማው ይዞት ይኖራል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቁስለት ያስከትላል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የጨጓራ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ይህን ጀርም ከጨጓራ በሽታ ጋር ያገናኙት አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጀርሙን በላቦራቶሪ አራቡት። ሰው አላምን ቢላቸው ማርሻል በ1984 ጀርሙን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ከዚህ የምንማረው፣ ጀርም ያለበት ሰው ኦሜፕራዞል ብቻውን ቢውጥ ጀርሙ እንደማይጠፋ ነው። ሐኪም ከሚያዛቸው አንቲባዮቲኮች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን፣ ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል።

ለ/ የሕመም ማስታገሻ። ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪንና የመሳሰሉት ሕመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ጉልበትን ሲያድኑ ጨጓራን ያጋልጣሉ። ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ከተወሰደ በዚህ በኩል ይሻላል። የጓደኛችን ቁስለት ዋና ምክንያት ይኸው ነበር። ልብ በሉ፤ ሐኪም ማስታገሻው የግድ ነው ካለ፣ ጨጓራን ለመጠበቅ ኦሜፕራዞልን በየቀኑ ሊያዝ ይችላል። ጓደኛችን ግን በየቀኑ ሳይሆን ባቃጠለው ዕለት ብቻ ስለወሰደው ሽፋኑን አልጠበቀለትም፤ ቃጠሎውን ጸጥ አደረገበት እንጂ። ለዚህም ነው ሳያውቀው የደማው።

ሐ/ የአሲድ መመለስ። ጠግቦ ወዲያው መተኛት፣ ከመጠን በላይ መወፈር፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ቡናና የሰባ ምግብ አሲዱ ወደ ላይ እንዲመለስ ያደርጋሉ።

በርበሬስ? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በርበሬ የተቆጣን ጨጓራ ሊቆጠቁጥ ይችላል፤ የሚጎዳው ሰው ይቀንስ። ቁስለትን የሚፈጥሩት ዋናዎቹ ግን ጀርሙና ማስታገሻው ናቸው። ወተትም ለጥቂት ጊዜ ያበርዳል፤ በኋላ ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲሠራ ይቀሰቅሳል። ተልባና አብሽ ጉሮሮን ሊያለሰልሱ፣ ሊያስታግሱም ይችላሉ፤ እናቶቻችን የሚሰጡን በፍቅር ነው፤ እኛም እንጠጣለን። ነገር ግን ጀርሙን አይገድሉም፤ የሚደማ ቁስልንም አያቆሙም።

4ኛ/ አወሳሰዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው እንዴት ይውሰድ?

አንደኛ፣ ከምግብ በፊት። ፓምፖቹ የሚነሡት ምግብ ሲመጣ ነው። መድኃኒቱ የሚዘጋው በሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ነው፤ የተኛውን ብዙም አይነካም። በደም ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ምግብ ከመቅረቡ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት መወሰድ አለበት። ቁርሳችን በ1 ሰዓት ከሆነ ካፕሱሉን ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መዋጥ ማለት ነው። ራት በልቶ ሊተኛ ሲል የሚውጥ ሰው የመድኃኒቱን ብዙ ጉልበት ያባክናል።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ። የተለመደው መጠን 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ሐኪም እንደ በሽታው ሊጨምር ይችላል። አንድ ቀን የረሳ ሰው ሲያስታውስ ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የረሳውን ይተወው። ሁለቱን ባንድ ላይ መዋጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሳይፈጩና ሳያኝኩ። ካፕሱሉን ከፍቶ ያየ ሰው ውስጡ ትንንሽ ፍሬዎች ያገኛል። እያንዳንዷ ፍሬ አሲድ በማይበላው ልባስ ተሸፍናለች። ነገሩ ያስገርማል፤ አሲድን የሚያቆመው መድኃኒት ራሱ አሲድ ሲነካው ይበላሻል። ልባሱ ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ውስጥ ሲደርስ ይሟሟል፤ ከዚያ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ወደ ጨጓራ ሕዋሶች ይመለሳል። ፍሬዎቹን ያኘከ ወይም የወቀጠ ሰው መድኃኒቱን መንገድ ላይ ገደለው ማለት ነው። መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው የመድኃኒት ባለሙያውን ዘዴ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ በጾም ጊዜ። ከመካከላችን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አሉ። የረመዳን ጾም የሚጾሙም አሉ። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ውጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት መድኃኒቱ ፓምፑን ሳያገኘው እንዲያልፍ ያደርገዋል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ምግብ ሊቀምስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ በረመዳን ደግሞ ከሱሑር በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወስድ ይሻላል። የሚደማ ወይም ትኩስ ቁስለት ያለበት ሰው መጾም አለመጾሙን ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይማከር።

5ኛ/ እስከ መቼ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። መድኃኒቱ በር ከፍቶ ይገባል፤ የሚያስወጣው ግን የለም። ሐኪም ለቁስለት ወይም ለአሲድ መመለስ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል በማሸጊያው ላይ ለ14 ቀን ብቻ እንዲወሰድ፣ በ4 ወር ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይደገም ተጽፎበታል። ከመካከላችን ዘመድ ከዚያ አገር የላከለት ካለ ጽሑፉን ገልብጦ ያንብብ።

ለወራት ወስዶ ባንድ ቀን ያቆመ ሰው ግን አንድ ነገር ይገጥመዋል። ፓምፖቹ ተዘግተው ሲቆዩ ሰውነት አሲድ የሚያዘውን ሆርሞን ይጨምራል። መድኃኒቱ ሲቆም የታፈነው ኃይል ባንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ አሲድ ከበፊቱ ይበዛል። በዴንማርክ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህንን አሳይቷል። 120 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል፣ ከዚያ የሐሰት ኪኒን ወሰደ፤ ሌላው ከመጀመሪያም የሐሰት ኪኒን ብቻ ወሰደ። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ከመጀመሪያው ቡድን 44 ከመቶው ቃርና ቃጠሎ ተሰማቸው፤ ከሁለተኛው ግን 15 ከመቶው ብቻ። አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ በሽታ አልነበረባቸውም!

ስለዚህ «ባቆምኩት ቁጥር ይብስብኛል፣ እድሜ ልኬን መውሰድ አለብኝ ማለት ነው» የሚል ጓደኛ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ቃጠሎው የመቆሙ ውጤት ሊሆን ይችላል። ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በሐኪም ምክር መጠኑን በግማሽ እየቀነሰ፣ ወይም ቀን እየዘለለ፣ በመካከሉም የአሲድ ማርከሻ እየተጠቀመ ቢያቆም ይቀለዋል። ጥቂት ሳምንት ከታገሠ ብዙውን ጊዜ ይለቀዋል።

ይህን አንብቦ ደግሞ ባንዴ የሚጥል እንዳይኖር! ለረጅም ጊዜ መውሰድ የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ቁስለታቸው ደምቶ የነበረና አስፕሪን ለልብ የሚወስዱ፣ የምግብ ቧንቧቸው ክፉኛ የቆሰለና ሌሎችም በሐኪም ክትትል ይወስዳሉ። እነዚህ ሰዎች በእኛ የግድግዳ ጋዜጣ ምክንያት እንዲያቆሙ አንፈልግም፤ የሚያቆምላቸው ያዘዘላቸው ሐኪም ነው።

6ኛ/ ሲበዛ የሚያመጣው፣ ከሌሎች ጋር የማይስማማው

ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ አብዛኛው ሰው አይጎዳም። ራስ ምታት፣ ተቅማጥ፣ ድርቀት፣ የሆድ መነፋት በአንዳንዱ ላይ ይታያል። ጊዜው ሲረዝም ግን በ1ኛው ክፍል ያየናቸው የአሲድ ሥራዎች ይጓደላሉ። አሲድ ጀርም ይገድላል ብለናል፤ ሲቀንስ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊበዛ ይችላል። ቫይታሚን ቢ 12ና ብረት ሊያንሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ አጥንት ስብራት፣ በ2011 ስለ ማግኒዚየም ማነስ፣ በ2012 ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በተባለ ጀርም ስለሚመጣ ከባድ ተቅማጥ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማግኒዚየም ሲያንስ የጡንቻ መኮማተር፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ይመጣል። አልፎ አልፎም ኩላሊት ሊቆጣ ይችላል። እነዚህ ነገሮች በሁሉም ላይ አይደርሱም፤ ያለ ምክንያት ለዓመታት መውሰድ ግን ያለ ምክንያት አደጋ መግዛት ነው።

ከሚከተሉት መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ሰው ኦሜፕራዞልን ከማንም ጓደኛ እንዳይቀበል፦

— ለልብ ወይም ለደም ሥር የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል፤ ኦሜፕራዞል ኃይሉን ይቀንስበታል፤
— የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፤
— አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች፣ በተለይ አታዛናቪርና ሪልፒቪሪን፤
— ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የተባሉት የፈንገስ መድኃኒቶች።

ነፍሰ ጡሮች፣ የጉበት በሽታ ያለባቸውና ሕፃናት ያለ ሐኪም አይውሰዱ። ሌላም አለ። የኤች ፓይሎሪን የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ኦሜፕራዞልን 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ጀርሙ እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ለማቆም ግን አስቀድሞ መርማሪውን ይጠይቅ። የደም ምርመራው ደግሞ ጀርሙ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል መዳንን አያረጋግጥም።

7ኛ/ ካፕሱል ሳይሆን ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ኦሜፕራዞል ፍለጋ ሻንጣ መፈተሽ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው፦

ሀ/ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፤
ለ/ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤
ሐ/ ምግብ ሲዋጥ መያዝ ወይም ማመም፤
መ/ ሳይፈልጉ መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፤
ሠ/ መገርጣት፣ ማዞር፣ ማለክለክ፤
ረ/ የማያቋርጥ ትውከት፤
ሰ/ ድንገተኛና ከባድ የሆድ ሕመም፣ ሆድ እንደ ጣውላ ሲደርቅ፤
ሸ/ ደረትን የሚጨቁን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ ይህ ልብ ሊሆን ይችላል።

የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ ቢሆንም ራሱ ፈርዶ ከሚቀመጥ ይጠይቅ። መድኃኒቱ የጨጓራ ካንሰርን ቃጠሎ እንኳ ለጊዜው ሊያስታግስ ስለሚችል፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች አዲስ የጨጓራ ሕመም ሲጀምራቸው ሳይመረመሩ መሰንበት የለባቸውም።

8ኛ/ ነገ መምህር ስንሆን

ከዚህ ስንወጣ ብዙዎቻችን ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች እንመደባለን። በዚያ መምህር ማለት ደብዳቤ አንባቢ፣ ቅጽ ሞይ፣ አንዳንዴም የመድኃኒት ጽሑፍ አንባቢ ነው። ካፕሱል ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ይህ ለምንድነው?» የሚሉን እናቶች ይኖራሉ። ያን ጊዜ ሐኪም እንሁን አንልም፤ ሐኪም ለመምሰል መሞከራችን ምን እንዳመጣ አይተናል። ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ግን እንችላለን።

«እማማ፣ ለሌላ ሕመም የሚውጡት ኪኒን አለ? ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ?»
«ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል? ያዞርዎታል?»
«ይህን ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

መልሱን ሰምተን ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው። የሚያፍር ሰው ካለ ቀስ ብለን፣ ለብቻው መጠየቅ ነው። ለጓደኛችን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ደም እስኪሰጠው ባልደረሰ ነበር።

ለሣይንስ ክፍለ ጊዜም ቀላል ማሳያ እንጠቁም። የእንቁላል ቅርፊት በብርጭቆ አስቀምጦ ኮምጣጤ ማፍሰስ ነው። ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ በአንድ ሌሊት ይሳሳል። ሌላውን ቅርፊት ቫዝሊን ቀብቶ እንደዚሁ ማድረግ ነው፤ የተቀባው ይቆያል። ልጆቹ የጨጓራ ሽፋን ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ።

ማጠቃለያ

ጓደኛችን ዛሬ ድኖ አብሮን ይማራል። ዲክሎፌናክ ቀርቷል። ኤች ፓይሎሪም ተገኝቶበት ስለነበር አንቲባዮቲኩን ጨርሷል። ኦሜፕራዞልንም በሐኪም ትእዛዝ፣ ከቁርስ በፊት፣ ለ8 ሳምንት ወስዶ አቁሟል። በሽታውን ያባባሰውና የፈወሰው አንድ ዓይነት ካፕሱል መሆኑን ስናስብ ይደንቀናል። ልዩነቱ አወሳሰዱ ነው፤ የሰጠውም ሰው ነው።

እኛም በክፍላችን አንድ ውሳኔ አድርገናል። «ኦሜፕራዞል ያለው አለ?» የሚል ሲመጣ ካፕሱል ከመስጠታችን በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቃለን፤ ከዚያም አጅበን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። ሌሎች ክፍሎችም እንዲሁ ቢያደርጉ ደስ ይለናል። ስሕተት ያገኘብን መምህር ወይም ሠልጣኝ ካለ ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን፤ በሚቀጥለው እትም እናርማለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኦሜፕራዞል ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ኃይሉ ለምን ይቀንሳል?
2. ለጉልበት ሕመም የሚወሰድ ኪኒን ጨጓራን እንዴት ያቆስላል?
3. መድኃኒቱን ለወራት ወስዶ ያቆመ ሰው ቢያቃጥለው፣ በሽታው ተመለሰ ማለት ነውን? አብራሩ።
4. በክፍላችሁ ያለ ሠልጣኝ ሰገራው እንደጠቆረ በምሥጢር ቢነግራችሁና «ለማንም አትንገሩ» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አራተኛው ጥያቄ ከፈተና ወረቀት የመጣ አይደለም። በደንብ ተወያዩበት።